በባዛልት አገር ከሰማይ የወረደን ድንጋይ እንዴት እንለይ?

ጎጃም የባዛልት፣ ማለትም ከእሳተ ገሞራ ቀልጦ ፈስሶ የረጋ ዓለት፣ አገር ነው። ከጮቄ ተራራ አናት እስከ ደጀን ገደል አፋፍ፣ ከእንጅባራ እስከ ባሕር ዳር ድረስ ገበሬው በማረሻው እየገለበጠ የሚያወጣው፣ ለወፍጮና ለመጅ የሚጠረበው፣ ለካብና ለአጥር የሚደረደረው ድንጋይ በአብዛኛው ጥቁር፣ ከባድና ብረት ያዘለ ነው። ይህን መመሪያ እንድጽፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው። ስለ ሚቲዮራይት፣ ማለትም ከጠፈር መጥቶ መሬት ላይ ስላረፈ ድንጋይ፣ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው ምክር «ጥቁር ከሆነ፣ ከከበደና ማግኔት ከሳበው ከሰማይ የወረደ ነው» የሚል ነው። ምክሩ ነጭ አሸዋ በተነጠፈበት በረሃ ለሚፈልግ ሰው ጥሩ መነሻ ሊሆን ይችላል፤ በእኛ አገር ግን ሦስቱንም መለኪያ የሚያሟላ ድንጋይ በየእርሻው ዳር ተከምሮ ይገኛል። እዚህ የሚፈርደው የድንጋዩ ውስጥ ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ ደግሞ የት፣ መቼና እንዴት እንደ ተገኘ የሚናገረው ሰው ቃል ነው።

አንድ አዛውንት ገበሬ ከስናን ወረዳ፣ ከጮቄ ግርጌ፣ ሁለት ጭብጥ የሚያክል ጥቁር ድንጋይ በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው መጥተው ነበር። ጂኦሎጂ መማሬን ሰምተው ነው የመጡት። «ልጄ፣ አውድማውን በእበት ለቅልቄ፣ ሲደርቅም አይቼ ነው ማታ የገባሁት። ጧት ስወጣ ይኼ መሐሉ ላይ ተቀምጧል። ማን አመጣው?» አሉኝ። የጥያቄያቸው ብስለት እስካሁን ከአእምሮዬ አልጠፋም፤ ምክንያቱም ሚቲዮራይት የሚፈለገው ድንጋይ ሊኖር በማይገባበት ቦታ ነው፤ ተጠርጎ የተለቀለቀ አውድማ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ድንጋዩ ተለቅሞ ያለቀ እርሻ እንዲህ ያሉ ቦታዎች ናቸው። «አባቴ፣ ሌሊት ድምፅ ሰምተዋል?» አልኋቸው። አልሰሙም። «ያረፈበት ቦታስ ተጎድጉዷል?» ስላቸው «ኧረ ምንም፤ ልቅላቄው እንኳ አልተሰነጠቀም» አሉ። ይህ መልስ ብቻውን ብዙ ተናግሯል፤ ያን የሚያክል ድንጋይ ከሰማይ ሲወርድ መሬት የሚደርሰው በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ፍጥነት ስለሆነ ደረቅ ልቅላቄን ሳይጎዳ ሊያርፍ አይችልም። ያም ሆኖ ድንጋዩን እስከ መጨረሻው መረመርነው፤ የምርመራው ቅደም ተከተልም ከዚህ በታች የምጽፈው ነው።

ሲወርድ ያዩ እንደሆነ

ሌሊት ሰማዩን አብርቶ የሚያልፍ ትልቅ ተወርዋሪ ኮከብ ሲያዩ ወደ ወደቀበት አቅጣጫ ለመሮጥ አይቸኩሉ። የቆሙበትን ቦታ ምልክት ያድርጉበትና ብርሃኑ የጠፋው በየትኛው ዛፍ፣ በየትኛው ጣሪያ ወይም በየትኛው ኮረብታ ጫፍ በኩል እንደሆነ ወዲያው ይጻፉ። ብርሃኑ «ከዚያ ኮረብታ ጀርባ ወደቀ» የሚያሰኘን የዓይናችን ስሕተት ነው፤ እሳቱ ብዙውን ጊዜ የሚጠፋው ገና 15፣ 20፣ አንዳንዴም ከዚያ የበለጠ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሳለ ነው፤ የተረፈው ድንጋይ ከዚያ በኋላ ያለው መንገዱ ሁሉ በጨለማ ነው። ከእኛ ኮረብታ ጀርባ የመሰለን ነገር ሌላ ክፍለ ሀገር ሊያርፍ ይችላል።

ከብርሃኑ በኋላ እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ይመጣ እንደሆነ በጥሞና እየቆጠሩ ይጠብቁ። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 3 ሰከንድ ያህል ስለሚወስድበት፣ ብርሃኑ በጠፋ በ90ኛው ሰከንድ የተሰማ ጉርምርምታ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ያመለክታል። ምንም ካልተሰማ ግን ድንጋዩ በአካባቢው አለ ብሎ መድከም ብዙም አያዋጣም። ቀጥሎ የሚሠራው ሥራ ከሌላ ከተማ ካለ ሰው ጋር ማመሳከር ነው፤ አንዱ ከደምበጫ፣ ሌላው ከሞጣ ሆነው ያዩትን አቅጣጫ በካርታ ላይ በመስመር ቢያሰምሩት፣ መስመሮቹ የሚገናኙበት አካባቢ ፍለጋው የሚጀመርበት ነው። ድንጋዩ በአየር ላይ ከተሰባበረ ስብርባሪው በጉዞው አቅጣጫ በረዘመ ሞላላ ሜዳ ላይ ይበተናል፤ ቀላሎቹ ቀድመው ሲወድቁ ከባዶቹ ወደ ፊት ርቀው ይገኛሉ።

የዓይን ምስክር ቃል በዚህ ሙያ ውስጥ ያለውን ክብር ለመረዳት አንድ ታሪክ ማስታወስ ይገባል። እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ድረስ አብዛኞቹ የአውሮፓ ሊቃውንት ድንጋይ ከሰማይ ይወርዳል የሚለውን ነገር የገጠር ሰው ወሬ አድርገው ይንቁት ነበር። ጀርመናዊው ኤርንስት ክላድኒ እ.ኤ.አ. በ1794 እነዚህ ድንጋዮች ከጠፈር የሚመጡ ናቸው ብሎ ሲጽፍም ብዙዎች አላመኑትም። በሚያዝያ 1803 ግን በሰሜን ፈረንሳይ በምትገኘው በሌግል አካባቢ 3,000 ያህል ድንጋዮች በአንድ ቀን ወረዱ፤ ወጣቱ የፊዚክስ ሊቅ ዣን ባፕቲስት ቢዮ ወደ ስፍራው ተልኮ ከመንደር መንደር እየዞረ ገበሬዎችንና ካህናትን ጠየቀ፤ ድንጋዮቹ የተገኙበትንም ቦታ በካርታ ላይ አሰፈረ። ሳይንስ ሚቲዮራይትን የተቀበለው እርስ በርሱ በተስማማው የገበሬ ምስክርነት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በቅርባችንም የሆነ አለ። በነሐሴ 1992 እ.ኤ.አ. በኡጋንዳ ምባሌ ከተማ ላይ ድንጋይ ሲዘንብ፣ 4 ግራም የማትሞላ ቁራጭ የሙዝ ቅጠል ነጥራ የአንድ ልጅ ራስ ላይ አርፋለች፤ ልጁም ጉዳት አልደረሰበትም። በጥቅምት 2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ በጎረቤታችን በሱዳን ሰማይ ላይ የፈነዳው ትንሽ አስትሮይድ፣ ማለትም ፀሐይን የሚዞር የጠፈር ዓለት፣ ከመውደቁ 20 ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ በቴሌስኮፕ የታየ ነበር፤ በዓለም ታሪክ ገና በጠፈር ሳለ ታይቶ ኋላ ስብርባሪው ከመሬት ላይ የተለቀመ የመጀመሪያው ድንጋይ እርሱ ነው። የካርቱም ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች በኑብያ በረሃ በረድፍ ተሰልፈው በእግራቸው እያሰሱ ነው ያገኙት። በአገራችንም በሐረርጌ፣ በጉርሱም፣ እ.ኤ.አ. በ1981 የወረደው ድንጋይ በዓለም አቀፉ መዝገብ ላይ ስሙ ሰፍሮ ይገኛል።

ከውጭ የሚታየው

ድንጋይ ወደ ከባቢ አየር የሚገባው በሰከንድ ከ11 ኪሎ ሜትር በማያንስ ፍጥነት ነው። በዚያ ፍጥነት ፊቱ ይቀልጣል፤ የቀለጠው ሁሉ ግን ወዲያው እየተገፈፈ ስለሚሄድ ሙቀቱ ወደ ውስጥ ለመዝለቅ ጊዜ አያገኝም። በመጨረሻ ፍጥነቱ ሲበርድ ላዩ ላይ የቀረችው ስስ ቅላጭ ትረጋና ቅርፊት ትሆናለች። ይህች ቅርፊት እንደ እንቁላል ቅርፊት ስስ ናት፤ ብዙውን ጊዜ ውፍረቷ ከ1 ሚሊ ሜትር አያልፍም፤ አዲስ ስትሆን ጥላሸት የመሰለች፣ እምብዛም የማታብለጨልጭ ጥቁር ናት። ወደ መሬት የሚደርሰው ድንጋይ ለብ ያለ ወይም ቀዝቃዛ ነው እንጂ ሣር አያቃጥልም፤ ስለዚህ «ያረፈበት ቦታ ተቃጥሎ ነበር» የሚል ወሬ ሲሰሙ ይጠንቀቁ።

ለጎጃም ሰው ከሁሉ የሚጠቅመው የውጭ ምልክት የተሰበረ ጫፍ ነው። ባዛልት ለብዙ ዘመን ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅበት ውጩ ይገረጣል ወይም ቡናማ ይሆናል፤ ሲሰበር ውስጡ ጥቁር ነው። በቅርብ ጊዜ የወረደ ሚቲዮራይት የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ውጩ ጥቁር ሆኖ ሲሰበር ውስጡ እንደ ሲሚንቶ ግራጫ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ድንበርም በቢላ የተቆረጠ ያህል ጥርት ያለ ነው። ጠርዞቹ የለዘቡ ይሆናሉ፤ አንዳንዱ ላይ ሊጥን በአውራ ጣት ሲጫኑት የሚቀረውን የመሰለ ጎድጓዳ ምልክት ይታያል። መሬት ውስጥ ለዘመናት የተቀበረና እነዚህ ምልክቶች የሌሉበት ሚቲዮራይትም ሊኖር ይችላል፤ የእኛ ክረምት ለብረት ምሕረት የለውምና ቅርፊቱ ተልጦ ድንጋዩ የዛገ ቡኒ መልክ ይዞ ሊገኝ ይችላል።

ቀዳዳ ግን ያለ ብዙ ክርክር ይጥላል። በላዩም ሆነ በውስጡ እንደ እንጀራ ዓይን ያለ የአረፋ ቀዳዳ ያለበት ድንጋይ ከቀለጠ ዓለት ጋዝ ሲወጣ የተሠራ ነው፤ መንገድ ሠራተኞች ሬድ አሽ የሚሉት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ወይም ብረት ሲቀልጥ የቀረ ዝቃጭ ነው። ዝቃጭ በተለይ ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ጥንት ብረት ይቀልጥባቸው በነበሩ ስፍራዎች ከባድ፣ ጥቁርና ማግኔት የሚስብ ሆኖ ይገኛልና። በነገራችን ላይ በእንጅባራ አጠገብ ያለውን የዘንገና ሐይቅ ክብ ጉድጓድ ኮከብ ወድቆበት የተቆፈረ አድርገው የሚያስቡ አሉ፤ ዘንገና ግን የቀለጠ ዓለት ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ተገናኝቶ ሲፈነዳ የተከፈተ የእሳተ ገሞራ አፍ ነው።

ማግኔት፣ ሲኒና ሚዛን

ማግኔት የሚጠቅመው ለመጣል እንጂ ለማጽደቅ አይደለም። ከሰማይ ሲወርዱ ከታዩት ሚቲዮራይቶች ከ100 ከ90 በላይ የሚሆኑት ድንጋያማ ናቸው፤ ከነዚህም አብዛኞቹ፣ ኋላ በማነሣው ኮንድሩል በተባለ ቅንጣት ስም፣ ተራ ኮንድራይት የሚባሉት ሲሆኑ ንጹሕ ብረት ስለሚገኝባቸው ሁሉም ለማለት ይቻላል ማግኔት ይስባቸዋል። ማግኔት ጨርሶ የማይስበው ድንጋይ እንግዲህ ተራ ኮንድራይት የመሆን ዕድሉ በጣም ጠባብ ነው። ሳበው ማለት ግን ምንም አያረጋግጥም፤ የእኛ ባዛልት ማግኔታይት የሚባል የብረት ማዕድን ስላለበት እርሱም ይሳባል። እዚህ ላይ አጥብቄ የማሳስበው ነገር አለ፦ ከተሰበረ ድምፅ ማጉያ የሚወጣውን ዓይነት ኃይለኛ ማግኔት ሙሉው ድንጋይ ላይ አያስጠጉ። ድንጋዩ በተፈጠረበት ዘመን የነበረውን የማግኔት መስክ በውስጡ መዝግቦ ሊሆን ይችላል፤ ኃይለኛ ማግኔት አንድ ጊዜ ከነካው ያ የቢሊዮን ዓመታት መዝገብ ለዘለዓለም ይደመሰሳል። ኮምፓስ ይበቃል፤ ድንጋዩን ወደ መርፌው ቀስ ብለው ሲያስጠጉት መርፌው መዞሩን ይመልከቱ።

ከዚያ የቡና ሲኒ ይገልብጡ። የሲኒው ቂጥ ላይ የሚያብለጨልጨው ቅብ ያልደረሰበት ሻካራ ቀለበት አለ፤ ድንጋዩን በዚያ ላይ ጫን አድርገው ይፈግፍጉት። ሄማታይት የተባለው የብረት ማዕድን እንደ በርበሬ ቀይ ቡኒ መስመር ይተዋል፤ ማግኔታይት ጥቁር ወይም ጥቁር ግራጫ ያሰምራል። ያልዛገ ድንጋያማ ሚቲዮራይት ወይ ምንም አይተውም ወይ ደብዛዛ ግራጫ ብቻ ይተዋል። የዛገ ከሆነ ግን እርሱም ቡኒ ሊያሰምር ስለሚችል ይህ ፈተና ብቻውን አይበቃም።

እፍጋቱን፣ ማለትም ክብደቱ ለይዘቱ ሲካፈል ስንት እንደሚሆን፣ ለመለካት አንድ ግራም የሚለይ ሚዛን፣ ክርና ውሃ የያዘ ሳህን በቂ ነው። መጀመሪያ ድንጋዩን ደረቁን ይመዝኑ። ቀጥሎ ውሃ የያዘውን ሳህን ሚዛኑ ላይ አስቀምጠው ንባቡን ይጻፉ፤ ድንጋዩን በክር አስረው ታቹንም ጎኑንም ሳያስነኩ ውሃው ውስጥ አንጠልጥለው ይያዙ፤ ሚዛኑ በስንት ግራም እንደ ጨመረ ያንብቡ። የጨመረው ግራም የድንጋዩን ይዘት በሚሊ ሊትር ስለሚሰጥ፣ የደረቁን ክብደት ለእርሱ ማካፈል ብቻ ይቀራል። የሽማግሌው ድንጋይ ደረቁን 610 ግራም መዘነ፤ ውሃው ውስጥ ሲንጠለጠል ሚዛኑ በ212 ግራም ጨመረ፤ ሲካፈል 2.88 ሆነ። ባዛልት ብዙውን ጊዜ ከ2.8 እስከ 3 ባለው ውስጥ ይውላል። ተራ ኮንድራይት ደግሞ በአብዛኛው ከ3.2 እስከ 3.7 ነው። 5 ገደማ ከወጣ ማግኔታይት ወይም ሄማታይት ይሆናል ብለው ይጠርጥሩ። ሲወርድ የታየ ወይም አዲስ ቅርፊት ያለው ድንጋይ ከሆነ ግን ይህን ፈተና ይተዉት፤ ውሃ ሊነካው አይገባም።

መስኮቱና ማዕድናቱ

ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ድንጋዩ በራሱ የተሰበረ ፊት ካለው በዚያው ይመልከቱ። ከሌለውና አዲስ የወረደ ካልሆነ፣ ከጣት ጥፍር ያልበለጠች አንዲት ማዕዘን በሞረድ ከፍተው በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት እስክትለሰልስ ድረስ ያሻሿት። አናጺዎች እንጨት የሚያለሰልሱበት ደቃቁ ይሁን፤ በሻካራው የተሠራ መስኮት ጭረቱ ሁሉን ይሸፍናል። በመዶሻ መስበር አያስፈልግም፤ ለመመልከት የሚበቃውን ያህል ብቻ መክፈት ነው። ከዚያ በጠራ ፀሐይ፣ አሥር እጥፍ በሚያጎላ አጉሊ መነጽር፣ ድንጋዩን ቀስ እያሉ እያዞሩ ይመልከቱ።

መጀመሪያ የሚፈለገው ብረት ነው። ግራጫው ላይ ተዘርቶ እንደ አዲስ ብር ነጭ የሚያበራ ፍንጣቂ ካዩ ልብዎ ቢመታ አይደንቅም፤ ቢሆንም ያረጋግጡ። ባዛልት ውስጥ ያለው ፕላጂዮክሌዝ የሚባል ማዕድንም በፀሐይ ያብለጨልጫል፤ የእርሱ ብልጭታ ግን የመስታወት ነው፤ ድንጋዩን ትንሽ ሲያዞሩት ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ፍንጣቂውን በመርፌ ጫፍ ይጫኑት፦ ብረት ከሆነ ይጫጫራል፣ ጭረቱም ያበራል፤ ማዕድን ከሆነ ይፈረካከሳል። በሽማግሌው ድንጋይ መስኮት ላይ እንደ መርፌ የቀጠኑ ነጫጭ ፕላጂዮክሌዞች በየአቅጣጫው ተሰካክተው ታዩን፤ ብረት የሚባል አልነበረበትም። አጉሊ መነጽሩን ለእርሳቸው ሰጠኋቸው፤ ረጅም ጊዜ ተመለከቱና «የኛው ነው» ብለው መለሱልኝ።

ይህ ብረት ለምን ይህን ያህል ይመሰክራል? በመሬት ላይ ብረት ከኦክስጅንና ከውሃ ጋር ስለሚዋሐድ በዓለቶቻችን ውስጥ በንጹሕ መልኩ የሚገኘው እጅግ በጥቂት ስፍራዎች ነው። በሚቲዮራይት ውስጥ ያለው ብረት ደግሞ ሁልጊዜ ከኒኬል ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚገኘው፤ ኒኬሉ ጥቂት፣ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 በመቶ የሆነው ካማሳይት ሲባል፣ ኒኬል የበዛበት ቴናይት ይባላል። ዝቃጭ ውስጥም የብረት ጠብታ ሊኖር ይችላል፤ ኒኬል ግን አይኖረውም። ከብረቱ አጠገብ እንደ ነሐስ ወደ ቢጫ የሚያደላ ፍንጣቂ ከታየ ትሮይላይት ነው፤ ይህ የብረትና የድኝ ውሁድ በሚቲዮራይት ውስጥ 5 ወይም 6 በመቶ ያህል ሲሆን በመሬት ዓለቶች ውስጥ ግን ብርቅ ነው።

ሁለተኛው የሚፈለገው ኮንድሩል ነው። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን ቅንጣት ማለት ነው፤ እኛ ደግሞ መጠኑን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ አብዛኛው የጤፍ ቅንጣት የሚያክል ወይም ከዚያ ያነሰ ነውና። የለሰለሰው መስኮት ላይ ክብ ክብ ሆነው፣ አንዳንዶቹ ግራጫ፣ አንዳንዶቹ ነጣ ያሉ ሆነው፣ በዱቄት መካከል ጤፍ እንደ ተበተነ ይታያሉ። እያንዳንዱ ኮንድሩል ፀሐይ ገና ስትወለድ በዙሪያዋ በነበረው ጋዝና አቧራ ውስጥ ተንሳፍፎ የቀለጠና የረጋ ጠብታ ነው፤ ዕድሜው 4.56 ቢሊዮን ዓመት ያህል ነው። የጎጃም ባዛልት የፈሰሰው የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመትና ከዚያም ወዲህ ነው። በምድራችን ላይ ኮንድሩል ያለበት ዓለት አይፈጠርም፤ ስለዚህ ብረቱና ኮንድሩሉ አንድ ላይ በአንድ መስኮት ከታዩ ጥርጣሬው ያበቃል ማለት ይቻላል።

የቀረው የድንጋዩ አካል በስም ከምናውቃቸው የመሬት ማዕድናት የተሠራ ነው። ኦሊቪን የተባለው የማግኒዥየም፣ የብረትና የሲሊካ ማዕድን ከክብደቱ ከሲሶ እስከ ግማሽ ይይዛል፤ ፓይሮክሲን ሩብ ያህል ይሆናል፤ ሶዲየም ያለው ፕላጂዮክሌዝ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው፤ ክሮማይትና ፎስፌት ጥቂት ጥቂት አሉበት። ኦሊቪን ስላልኋችሁ ግን አረንጓዴ ባያችሁ ቁጥር እንዳትቸኩሉ። በእንጅባራ አካባቢ ባለው ባዛልት ውስጥ እንደ ተሰባበረ ጠርሙስ አረንጓዴ የሆነ የኦሊቪን እብጥ ተሸጉጦ ይገኛል፤ እርሱ የቀለጠው ዓለት ከመሬት ቅርፊት በታች፣ በአሥሮች ከሚቆጠር ኪሎ ሜትር ጥልቀት፣ ይዞት የወጣ የምድር ሥጋ ነው። በራሱ መንገድ የሚያስደንቅ ድንጋይ ነው፤ ነገር ግን ከታች የመጣ እንጂ ከላይ የወረደ አይደለም።

ሁለቱን ኦሊቪኖች የሚለያቸው በውስጣቸው ያለው የብረት ድርሻ ነው፤ ይህ ደግሞ በቤተ ሙከራ ይለካል። ባለሙያዎች ከድንጋዩ ላይ 0.03 ሚሊ ሜትር ብቻ የምትወፍር፣ ብርሃን የሚያልፍባት ስስ ቁራጭ አዘጋጅተው በማይክሮስኮፕ ይመረምሯታል፤ ከዚያ በኤሌክትሮን ጨረር የእያንዳንዱን ቅንጣት ንጥረ ነገር ይለካሉ። ከመሬት ጥልቀት የወጣው ኦሊቪን የብረት ድርሻው ከ100 እጅ 10 ገደማ ነው። ኤች በሚባለው የኮንድራይት ቡድን ከ16 እስከ 20፣ ኤል በሚባለው ከ22 እስከ 26፣ ኤልኤል በሚባለው ደግሞ እስከ 32 ይደርሳል። ንጹሑ ብረት በአንጻሩ በኤች 18 በመቶ ገደማ፣ በኤል 8 በመቶ ገደማ ሲሆን በኤልኤል ጥቂት በመቶ ብቻ ነው፤ ማለትም ንጹሑ ብረት ባነሰ ቁጥር በማዕድኑ ውስጥ የተዋሐደው ይበዛል። ከቡድኑ ቀጥሎ ከ3 እስከ 6 ያለ ቁጥር ይሰጣል፦ በ3ኛው ዓይነት ኮንድሩሎቹ ጥርት ብለው ይታያሉ፤ በ6ኛው ግን ድንጋዩ በእናት አስትሮይዱ ውስጥ ለረጅም ዘመን ግሎ ስለነበር ተዋሕደው ለመለየት ያስቸግራሉ። በእንዲህ ያለው ድንጋይ መስኮቱ ላይ ኮንድሩል ባይታይ ተስፋ አይቁረጡ፤ ብረቱ ካለ ለማስመርመር በቂ ምክንያት ነው። የጃፓኗ ሃያቡሳ መንኮራኩር ኢቶካዋ ከተባለው አስትሮይድ ላይ በ2010 እ.ኤ.አ. ያመጣችው ብናኝ ሲመረመር ከኤልኤል ኮንድራይት ጋር አንድ ሆኖ በመገኘቱ፣ እነዚህ ድንጋዮች ከየት እንደሚነሡ በእጅ በተያዘ ማስረጃ ታውቋል።

ብረትም ኮንድሩልም የሌላቸው ድንጋያማ ሚቲዮራይቶችም አሉ፤ ቬስታ ከሚባለው አስትሮይድ የሚመጡት እንዲያውም ራሳቸው የባዛልት ዓይነት ናቸው። እነዚህን በጎጃም መሬት ላይ ከድንጋይ ክምር መካከል በዓይን ለመለየት መሞከር ከንቱ ድካም ነው፤ ሲወርዱ ካልታዩ ወይም የሚያብለጨልጭ ጥቁር ቅርፊታቸው ካልመሰከረላቸው በስተቀር።

ካገኙት በኋላ

ከማንሣትዎ በፊት ባረፈበት ቦታ እንዳለ ፎቶ ያንሡት፤ መጠኑ እንዲታወቅ አጠገቡ ሳንቲም ወይም እስክሪብቶ ያስቀምጡ። ስልክዎ የሚያሳየውን የቦታ ቁጥር ከነነጥቡ ይጻፉ። በባዶ እጅ አይያዙት፤ ላብ ጨው አለው፤ ጨው ደግሞ ብረቱን ከውስጥ ያዝገዋል። በንጹሕ ፌስታል ወይም በፎይል ይያዙትና እዚያው ይጠቅልሉት። አይጠቡት፤ በሎሚም ሆነ በዘይት አይወልውሉት፤ በአፈር ቢጨማለቅ እንኳ አፈሩ ይድረቅና በለስላሳ ብሩሽ ይራገፍ። ማድቤት ወይም እርጥበት ያለበት ጎተራ ውስጥ አያኑሩት፤ በክረምት በደንብ የሚከደን ዕቃ ውስጥ ከደረቀ ነገር ጋር ይቀመጥ።

ለዘመድ ወዳጅ መታሰቢያ እየሰበሩ ማካፈል የተለመደ ፈተና ነው፤ እባክዎ አያድርጉት። ለዓለም አቀፍ ምዝገባ ከድንጋዩ 20 ግራም፣ ወይም ትንሽ ከሆነ ከክብደቱ 20 በመቶ፣ በምርምር ተቋም እንዲቀመጥ ይጠየቃል፤ ቀሪው ሙሉ ሆኖ ቢቆይ ለሳይንስም ለባለቤቱም ይሻላል። ምርመራውን ለማስጀመር የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲን ወይም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የመሬት ሳይንስ ትምህርት ክፍል ማነጋገር ይቻላል፤ መጀመሪያ የመስኮቱን ፎቶና የእፍጋቱን ቁጥር ብቻ ቢልኩ ድንጋዩን ይዘው ከመመላለስ ይድናሉ። ሚቲዮራይት መሆኑ ከተረጋገጠ ዓለም አቀፉ የሚቲዮራይት ማኅበር የሚያጸድቀው ስም የሚወሰደው ከተገኘበት ቦታ ስም ነው፤ ወንዝ ወይም መንደር ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ የአካባቢውን ስም ነዋሪው በሚጠራው አጠራር በትክክል ይጻፉ።

ሲወርድ የታየ ድንጋይ ከሆነ ቀናት ይቆጠራሉ። በጠፈር ሳለ የጠፈር ጨረር የፈጠረበት ሶዲየም 22 የተባለው ንጥረ ነገር በ2.6 ዓመት በግማሽ ይቀንሳል፤ ከዚያ በጣም ፈጥነው በቀናትና በሳምንታት የሚጠፉም አሉ። እንግዲህ ፌስታሉ ላይ ሦስት ነገር ይጻፉ፦ የወረደበትን ቀንና ሰዓት፣ የተነሣበትን ቀንና ሰዓት፣ በመካከሉ ዝናብ ዘንቦበት እንደሆነና እንዳልሆነ። ሰዓቱን ሲጽፉም በእኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጆቹ አብረው ያስታውቁ፤ የ6 ሰዓት ልዩነት አቅጣጫውን ለሚያሰላው ሰው ትልቅ ስሕተት ነው።